ከአሮጌ በርሜል የሚሠራ የእንጨት ምድጃ፦ በጉዴሌ የቆርቆሮ ማድ ቤቶች ጭሱ በየት ይውጣ?

የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ ብርድ የምትፈራ ከተማ አይደለችም። በነጭ አባይ ዳርቻ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረችው ጁባ በበጋው ወራት ቀን ቀን ሙቀቷ ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይወጣል። ቤቱን ለማሞቅ ብሎ እንጨት የሚያነድ ሰው እዚያ ማግኘት ያዳግታል። ይሁንና በከተማዋ ምዕራባዊ ክፍል በሚገኘው የጉዴሌ ሰፈር፣ በየግቢው ጥግ በቆሙት የቆርቆሮ ክፍሎች ውስጥ እሳት የማይነድበት ቀን የለም።

ጉዴሌ በአውሮፓውያኑ 2005 የተፈረመው የሰላም ስምምነት ወደ ጁባ ከመለሳቸው ሰዎች ጋር በፍጥነት ከሰፉት አካባቢዎች አንዱ ነው። ቤቶቹ የሚበዙት ከጭቃ፣ ከቆርቆሮና ከሣር የተሠሩ ናቸው። በበጋ ምግብ የሚበስለው ደጅ፣ በዛፍ ጥላ ወይም በሸራ ሥር ነው። ከሚያዝያ ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት የሚዘልቀው ዝናብ ሲመጣ ግን እሳቱም ሰውም አብረው ወደ ቆርቆሮው ክፍል ይገባሉ። ዝናቡ በነፋስ ታጅቦ ሲወርድ በሩ ይዘጋል፤ ጭሱም እዚያው ይቀራል።

በእሳቱ ዙሪያ የሚውሉት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። የአገሬው ሴቶች ከማሽላ ሊጥ የምትዘጋጀውን ስስ ኪስራ በብረት ምጣድ ላይ ይጋግራሉ፤ ሻይ ያፈላሉ፤ ባቄላ ይቀቅላሉ። በጁባ ምግብ ቤትና ሱቅ ከፍተው የሚሠሩት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ደግሞ የእንጀራ ምጣዳቸውን ይዘው ነው የሚኖሩት። ለቤተሰብ የሚሆን እንጀራ የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው። ለምግብ ቤት የሚጋገር ከሆነ ግን ጋጋሪዋ ጎህ ሳይቀድ ጀምራ ፀሐይ እስክትበረታ ድረስ ከምጣዱ ፊት ላትነሳ ትችላለች።

አዲስ አበባ ላለ ሰው መፍትሔው የኤሌክትሪክ ምጣድ ሊመስለው ይችላል። ደቡብ ሱዳን ግን ከዓለም ዝቅተኛ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ካላቸው አገሮች አንዷ ናት። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት እስከ አራት ኪሎ ዋት የሚደርስ ኃይል ይፈልጋል፤ ይህ ደግሞ በትንሽ ጄኔሬተር ወይም በጣሪያ ላይ በተሰቀለ የፀሐይ ሰሌዳ የሚሞከር አይደለም። ስለዚህ የጁባ ነዋሪ ከሞላ ጎደል ከሁለት ነገር አያልፍም፦ ከሰል ወይም እንጨት። ማንደጃውም ቢሆን ከሱቅ የሚገዛ ፋብሪካ ሠራሽ ዕቃ መሆኑ አልፎ አልፎ ነው። ሦስት ድንጋይ ይጎለታል፤ በአካባቢው አጠራር ካኑን የሚባለው የብረት ከሰል ማንደጃ ይገዛል፤ አለዚያም አንድ አሮጌ በርሜል ተገኝቶ ለበያጅ ይሰጣል።

አንድ በርሜል፣ ሁለት ተቃራኒ ዓላማ

በብርዳማ አገሮች የሁለት መቶ ሊትር የነዳጅ በርሜል ሌላ ታሪክ አለው። በሰሜን አሜሪካ ገጠሮች ሰዎች በርሜሉን በጎኑ አጋድመው፣ ከፊቱ በር፣ ከሥሩ እግር፣ ከጀርባው የጭስ ቱቦ ገጥመውለት ጋራዣቸውንና የሥራ ዳሳቸውን ያሞቁበታል። በሩንና እግሩን ለብቻው አዘጋጅተው የሚሸጡ አምራቾች ጭምር አሉ። የዚህ ማሞቂያ ዓላማ ግልጽ ነው፤ ከእሳቱ የሚገኘው ሙቀት በብረቱ አልፎ ወደ ክፍሉ እንዲሰራጭ ይፈለጋል።

የጉዴሌዋ ጋጋሪ የምትፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ሙቀቱ በሙሉ ወደ ምጣዱ ሄዶ ክፍሉ ቢቀዘቅዝላት ደስ ይላታል። በላይዋ ያለው ቆርቆሮ በፀሐይ ግሏል፤ ከፊቷ ያለው የበርሜል ግድግዳ በእሳት ቀልቷል። እንጨቱን የምትገዛው ምጣዱን ለማጋል ሆኖ ሳለ ከሙቀቱ አብዛኛው የሚያርፈው በእግሯና በፊቷ ላይ ነው።

በሁለቱ መካከል፣ በኢትዮጵያ ደጋ የሚኖረው ሰው አለ። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የአየሩ ሙቀት ወደ ዜሮ ይጠጋል። እዚያ እሳቱ ማብሰያም ማሞቂያም ነው። ስለዚህ ከምድጃው የሚያፈተልከው ሙቀት ለአንዱ ብክነት፣ ለሌላው በረከት ይሆናል። ለሦስቱም አንድ የሚሆነው ጥያቄ ጭሱ ነው።

ጭስ ያልነደደ እንጨት ነው

እንጨት እንደ እንጨት አይነድም። እሳት ሲነካው በመጀመሪያ በውስጡ ያለው ውኃ ይተናል። ሙቀቱ ከፍ እያለ ሲሄድ እንጨቱ ተሰባብሮ ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል፤ ዓይናችን የሚያየው ነበልባል የዚህ ጋዝ መንደድ ነው። በመጨረሻ የሚቀረው ፍም ያለ ብዙ ነበልባል ቀስ እያለ ይከስላል።

ጋዙ በደንብ እንዲነድ ሦስት ነገሮች መገናኘት አለባቸው፦ በቂ ሙቀት፣ በቂ አየር፣ ሁለቱ ተቀላቅለው የሚቆዩበት ጊዜና ስፍራ። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ጋዙ ሳይነድ ይቀዘቅዝና ጭስ ይሆናል። ከቆርቆሮው ሥር ጥቀርሻ ሆኖ የሚንጠለጠለው፣ በቱቦ ውስጥ ሬንጅ መስሎ የሚጋገረው ጥቁር ነገር የተገዛ ነገር ግን ያልነደደ ማገዶ ነው። ብዙ የሚጨስ ምድጃ ዓይን ከማቃጠሉም በላይ ኪስ ያራቁታል።

እርጥብ እንጨት ይህን ሁሉ ያባብሳል። አሁን የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ውኃ ሊሆን ይችላል። ምድጃው መጀመሪያ ያንን ውኃ ማፍላት አለበት፤ እስከዚያ ድረስ የእሳቱ ሙቀት ስለሚወርድ ጋዙ አይያዝም። በደንብ የደረቀ ፍልጥ የሚባለው የውኃ ይዞታው ከ20 በመቶ ያልበለጠው ነው። በክረምት ፍልጡን ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ከጣሪያ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ መደርደር ገንዘብ የማይጠይቅ የምድጃ ማሻሻያ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚረሳውም ይኸው ነው።

በሦስት ጉልቻ ላይ በሚነድ ክፍት እሳት ከእንጨቱ ኃይል ድስቱን የሚያገኘው በአብዛኛው ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ እንደሆነ ይገመታል። ባለሙያ እጅ ያለው፣ ከነፋስ የተከለለ ጉልቻ ከዚህ የተሻለ ሊሠራ ይችላል፤ ጉልቻን የናቁ ብዙ የተሻሻሉ ምድጃዎች በተጠቃሚው እጅ ሲገቡ ከእርሱ ያልተሻሉበት ጊዜም አለ።

ከላቀች እስከ ምርጥ

የኢትዮጵያና የጎረቤቶቿ ልምድ በዚህ ረገድ ሀብታም ነው። ኬንያ ውስጥ በ1980ዎቹ የተስፋፋው የሸክላ ሽፋን ያለው የከሰል ምድጃ መነሻው የታይላንድ ባልዲ መሰል ምድጃ ነበር። ናይሮቢ ላይ ብረቱን ቀጥቅጠው፣ ወገቡን አቅጥነው፣ ከላይ ሸክላ ያጎናጸፉት ሠራተኞች በየጎዳናው የሚሠሩ የብረት ቀጥቃጮች ነበሩ። ለስርጭቱ ምክንያት የሆነው ይኸው ይመስላል፤ ምድጃው የመጣው ከላቦራቶሪ ቢሆንም የሚሠራው በሰፈር ነበር።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ "ላቀች" የተባለው የከሰል ምድጃ በዚያው መንገድ መጣ። ከቀድሞው የብረት ማንደጃ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል ተብሎ ነበር የተዋወቀው። በዚያው ጊዜ ገደማ "ምርጥ" የተባለው የእንጀራ ምድጃ ተሠራ። ይህ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ በቅርጽ ማውጫ የሚመረት፣ ተገጣጥሞ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከብብ ምድጃ ነው። እሳቱን ከነፋስ በመከለል ብቻ ከክፍት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ እንደሚቆጥብ በሙከራ ታይቷል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከቤተሰብ ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው የእንጀራ ጋገራ በመሆኑ ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

የምርጥ የመጀመሪያው ዓይነት ግን ጭስ ማውጫ ቱቦ አልነበረውም። ትኩሱ ጋዝ ከኋላ በኩል ወጥቶ ሁለተኛ ድስት እንዲያሞቅ ታስቦ ነው የተሠራው፤ ጭሱ ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ቱቦ የተገጠመላቸው ዓይነቶች የመጡት ኋላ ላይ ነው። የዚያ ዘመን ትልቁ ጭንቀት የደን መመናመን ስለነበር ማገዶ መቆጠብ ከሁሉ ቀድሞ ነበር፤ የጋጋሪዋ ሳንባ ጉዳይ ዘግይቶ ነው ወደ ጠረጴዛው የመጣው።

ከእነዚህ ምድጃዎች ጀርባ ያለው ሌላው ትልቅ ሐሳብ አሜሪካዊው መሐንዲስ ላሪ ዊኒያርስኪ በ1980ዎቹ ያዳበሩት ነው። እርሳቸው ያሉት በአጭሩ ይህ ነው፦ እሳቱን ጠባብ በሆነ፣ ሙቀት በማያስወጣ ቦይ ውስጥ አንድደው፤ እንጨቱን በጫፉ ብቻ አስገባ፤ ከሥሩ አየር ይግባለት፤ ትኩሱ ጋዝ ከድስቱ ጋር ተጠጋግቶ ይለፍ፤ ቦዩም ከመግቢያ እስከ መውጫ አይጥበብ። "ሮኬት" የሚባሉት ምድጃዎች፣ በኢትዮጵያም "ትክክል" የተባለው፣ የዚህ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

በርሜሉን ወደ ምድጃ መለወጥ

የሁለት መቶ ሊትር በርሜል የአፉ ስፋት 58 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የእንጀራ ምጣድም ከዚህ እምብዛም አይርቅም። ይህ አጋጣሚ በርሜሉን ለእንጀራ ጋጋሪ የተፈጠረ አስመስሎታል፤ የበርሜሉ ታችኛው ክፍል ሲቆረጥ ምጣዱ በአፉ ላይ ሊቀመጥ ምንም አይቀረው።

አደጋው ግን ከመቁረጡ ይጀምራል። ቤንዚን፣ ናፍጣ ወይም ቀለም ማቅጠኛ የነበረበት በርሜል ባዶ ቢመስልም ከግድግዳው የሚወጣው ትነት በውስጡ ታምቆ ይቆያል። የብየዳ ነበልባል ወይም የግራይንደር ብልጭታ ሲነካው እንደ ቦምብ ይፈነዳል። በዚህ ምክንያት በዓለም ዙሪያ ብዙ በያጆች ሞተዋል። መክደኛውን ከፍቶ በሳሙና ደጋግሞ ማጠብ፣ ከዚያም የሚቆረጠው ቦታ ጥቂት እስኪቀር ድረስ በውኃ ሞልቶ በእጅ መሣሪያ መቁረጥ የተሻለው ጥንቃቄ ነው። ፀረ ተባይ ወይም ምንነቱ የማይታወቅ ኬሚካል የነበረበት በርሜል ከነጭራሹ ለምድጃ አይሆንም።

ሁለተኛው ወጥመድ ዚንክ ነው። ዝገት እንዳይበላው ዚንክ የተቀባ የጣሪያ ቆርቆሮና የውኃ ቱቦ በቀላሉ ስለሚገኝ ለእሳት ክፍልና ለጭስ ቱቦ ይመረጣል። ዚንክ 420 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ በብየዳና በኃይለኛ እሳት ደግሞ ጢሱ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የደረት መጨናነቅ ያመጣል። የብረት ሠራተኞች ይህን ሕመም አሳምረው ያውቁታል። ለእሳቱ ቅርብ የሆነው ክፍል ጥቁር ላሜራ መሆን አለበት። ቀለሙም ቢሆን የመጀመሪያው ቀን እሳት ደጅ ተነዶ እንዲቃጠልና እንዲወጣ ይደረጋል።

ለእንጀራ የሚሆነው ምድጃ አጭር ነው፤ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የበርሜል ቁራጭ ይበቃል። ከፊት ለፊት ማገዶ የሚገባበት በር ይከፈትለታል፤ በበሩ ውስጥ ፍርግርግ ብረት ከመሬት ከፍ ተደርጎ ይገባል፤ እንጨቱ ከላይ፣ አየሩ ከሥር ይገባል። ከበሩ ትይዩ፣ በምድጃው ጀርባ፣ ከላይኛው ጠርዝ ዝቅ ብሎ የጭስ ቀዳዳው ይከፈታል። ነበልባሉ ከበሩ ተነሥቶ የምጣዱን ሆድ እየላሰ ወደ ኋላ እንዲሄድ የሚያደርገው ይህ አቀማመጥ ነው። ቀዳዳው ወደ መሬት ቢጠጋ ወይም ከምጣዱ ጋር ቢተካከል የምጣዱ አንዱ ወገን ይጠቁራል፣ ሌላው ጥሬ ይቀራል። ዓይን የሌለው እንጀራ የሚወጣበት ምድጃ ደግሞ ሌላው ሁሉ ቢሟላለት በማግሥቱ ይጣላል።

ባዶ ብረት ሙቀቱን ሁሉ ወደ ጋጋሪዋ ስለሚያስተላልፍ ውስጡ መለሰን አለበት። ብዙ ሰው የሚጠቀመው ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ነው። ወፍራም፣ ከባድ ጭቃ ግን ራሱ ሙቀት ይጠጣል፤ የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች እስኪወጡ ድረስ ብዙ እንጨት ይበላል። ለቤተሰብ አልፎ አልፎ ለሚጋገርበት ምድጃ አመድ ወይም በመጋዝ ብናኝ የተቀላቀለ ቀለል ያለ ጭቃ ይሻላል፤ ብናኙ ሲቃጠል በቦታው ክፍተት ስለሚተው ሙቀት አያሳልፍም። ቀኑን ሙሉ ለሚነድ የምግብ ቤት ምድጃ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም።

ቆርቆሮው ራሱ አይነድም፤ የተመታበት ማገርና ቋሚ ግን ይነዳል። በሰሜን አሜሪካ የእሳት ደንቦች ፋብሪካ ያልፈተሸው የእንጨት ምድጃ ከማንኛውም ተቀጣጣይ ነገር 91 ሴንቲ ሜትር፣ ነጠላ የጭስ ቱቦ ደግሞ 45 ሴንቲ ሜትር እንዲርቅ ይጠይቃሉ። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር በሆነ የጉዴሌ ማድ ቤት ይህን ሁሉ ማሟላት ከባድ ነው። የሚቻለው ምድጃውን ከጥግ አውጥቶ፣ ከእንጨቱ ቋሚ ፊት ሌላ የቆርቆሮ ክላይ በክፍተት ማቆም ነው። አየር በክፍተቱ ውስጥ ስለሚዘዋወር እንጨቱ አይግልም።

ጭስ ማውጫው ለምን ይቀራል?

በቤት ውስጥ በሚሠሩ ምድጃዎች ላይ ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ክፍል ጭስ ማውጫው ነው። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም። ቱቦው ከምድጃው ራሱ ሊወደድ ይችላል፤ በጣሪያው ላይ የሚከፈተው ቀዳዳ ዝናብ ያስገባል፤ ቤቱ የኪራይ ከሆነ አከራዩ ጣሪያው እንዲበሳ አይፈቅድም። ከዚህም ሌላ ቱቦው ሙቀት ይበላል የሚል እምነት አለ። ጭሱ ትንኝ ያባርራል የሚሉም አሉ፤ ወባ በበዛባት ጁባ ይህ እንደ ዋዛ የሚታለፍ ሙግት አይደለም። ሆኖም የማድ ቤት ጭስ ወባን እንደሚከላከል የሚያሳይ አሳማኝ ማስረጃ አልተገኘም፤ አጎበር ግን ይከላከላል።

ቱቦ ሙቀት ይበላል የሚለው ሐሳብ በከፊል እውነት ነው። ምድጃው በደንብ ካልተሠራ፣ ነበልባሉ ምጣዱን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ቱቦው ይነጉዳል። ይህ የሚስተካከለው ቱቦውን በማስቀረት አይደለም፤ በነበልባሉ መንገድ ላይ ትንሽ የጭቃ ግድብ ሠርቶ ወደ ምጣዱ እንዲነሣ በማድረግ ነው።

ቱቦው የሚሠራው በቀላል ሕግ ነው። ትኩስ ጋዝ ከውጭው አየር ስለሚቀልል ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣ ከኋላው ባዶ ቦታ ስለሚተው አዲስ አየር በምድጃው በር ይሳባል። ቱቦው በረዘመ፣ ጋዙም በጋለ ቁጥር ስበቱ ይበረታል። በጁባ የውጭው አየር ራሱ ሙቅ ስለሆነ ልዩነቱ ከደጋው ያንሳል፤ አጭር ቱቦ ደብረ ብርሃን ላይ ቢስብ ጉዴሌ ላይ ሊሰንፍ ይችላል። ለዚህ መጠን ምድጃ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በተቻለ መጠን ያልተጣመመ ቱቦ ይበቃል። ጫፉ ጣሪያውን በ90 ሴንቲ ሜትር፣ በሦስት ሜትር ዙሪያ ያለውን ማንኛውንም ነገር ደግሞ ቢያንስ በ60 ሴንቲ ሜትር እንዲበልጥ ይመከራል። ከዚያ ካጠረ ነፋስ ከጎረቤት ጣሪያ ተመልሶ ጭሱን ወደ ታች ይገፋዋል። የጎረቤቱ ቤት የሣር ክዳን ከሆነ ደግሞ ቱቦው ላይ ቆብ ማድረግ ግድ ነው፤ አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል።

ጭስን በትክክል ማስወጣት ታላላቆችንም ፈትኗል። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1740ዎቹ መጀመሪያ ማገዶ ቆጣቢ የብረት ማሞቂያ ሠርቶ ነበር። ጭሱ ከመውጣቱ በፊት ሙቀቱን ሁሉ እንዲተው ብሎ ወደ ታች ወርዶ፣ በወለሉ ሥር አልፎ ወደ ጭስ ማውጫው እንዲሄድ አደረገው። ጭሱ ግን ገና ሳይደርስ ስለሚቀዘቅዝ መነሣት አቃተው፤ ወደ ክፍሉም ይመለስ ነበር። ምድጃው ስመ ጥር የሆነው ሌሎች ሰዎች መውጫውን ቀጥ አድርገው ካስተካከሉት በኋላ ነው።

የጭስ ማውጫ ጥቅም በጤና ጥናት ተፈትኗል። በጓቲማላ ደጋማ አካባቢ በ534 ቤተሰቦች ላይ በተደረገና ውጤቱ በ2011 በታተመ ጥናት፣ ቱቦ ያለው የእንጨት ምድጃ በተሠራላቸው ቤቶች ሕፃናቱ የሚጋለጡበት የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠን በግማሽ ቀንሷል፤ ከባድ የሳንባ ምችም ቀንሶ ታይቷል፤ አጠቃላዩ የሳንባ ምች ቁጥር ግን አጥኚዎቹ የጠበቁትን ያህል አልወረደም። በማላዊ ከ10,000 በላይ ሕፃናትን ያካተተውና በ2016 ይፋ የሆነው ሌላ ጥናት ደግሞ ቱቦ የሌላቸው፣ በማራገቢያ የሚሠሩ ዘመናዊ ምድጃዎች የሳንባ ምችን እንዳልቀነሱ አሳይቷል። ከማድ ቤት የወጣ ጭስም ቢሆን በሰፈር ውስጥ ይቆያል፤ የጎረቤት ጭስ፣ የቆሻሻ ቃጠሎ፣ የጄኔሬተር ጢስ ይቀላቀለዋል። የእንጨት ምድጃ የቱንም ያህል ቢሻሻል የጋዝና የኤሌክትሪክን ያህል ንጹሕ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ብቻ ከቤት ውስጥ የአየር ብክለት ጋር በተያያዘ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል፤ ከእነዚህ መካከል ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው።

ጭስ የሌለው ገዳይ

ጭሱ ያስመረራት ሴት ብዙ ጊዜ የምትሸሸው ወደ ከሰል ነው። ከሰል አይጨስም፤ ዓይን አያስለቅስም፤ ቶሎ ቶሎ እንጨት መግፋት አይፈልግም። ከኪሎ ኪሎ ሲነጻጸርም ከደረቅ እንጨት በእጥፍ ሊጠጋ የሚችል ኃይል አለው። ያ ኃይል ግን ቀድሞ በጫካ ተከፍሎበታል፤ በተለምዶው የአፈር ክምር ዘዴ አንድ ኪሎ ከሰል ለማክሰል ከአምስት እስከ አሥር ኪሎ እንጨት ሊሄድ ይችላል። ወደ ጁባ በሚወስዱት መንገዶች ዳር የተደረደሩት የከሰል ጆንያዎች እያንዳንዳቸው ብዙ ዛፍ ተሸክመዋል።

የቅርቡ አደጋ ግን ሌላ ነው። አየር በደንብ በማያገኝ የፍም ክምር ውስጥ የሚፈጠረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ወደ ሳንባ ሲገባ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይጣበቃል፤ ደሙ እየተዘዋወረ ሰውነት ኦክስጅን ያጣል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ምልክቶቹ ናቸው። የሚያሳዝነው፣ የደከመ ሰው እነዚህን እንደ ድካም ወይም እንደ ወባ ቆጥሮ ጋደም ማለቱ ነው። የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ብርድ በመጣ ቁጥር ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ አንድደው የተኙ ሰዎች እንዳይሞቱ ደጋግሞ የሚያስጠነቅቀው ለዚህ ነው።

በጉዴሌ ሰው ከሰል ይዞ የሚገባው ለብርድ አይደለም። ዝናብ ሲጥል፣ ማንደጃው ደጅ ቢቀር ይሰረቃል ተብሎ ሲፈራ፣ ለነገ ጠዋት ሻይ ፍሙ እንዲቆይ ሲፈለግ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል። አመድ የለበሰ ፍም የጠፋ ይመስላል፤ ጋዙን ማውጣቱን ግን ለሰዓታት ይቀጥላል። ቱቦ ባለው የእንጨት ምድጃም ቢሆን ፍሙ ሳይጠፋ የቱቦውን መዝጊያ ሙሉ በሙሉ መዝጋት ያው ነው። ምልክቶቹ የታዩበትን ሰው ወዲያውኑ ወደ ደጅ አውጥቶ ንጹሕ አየር እንዲያገኝ ማድረግ፣ ከዚያም ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል፤ ወተት መስጠት ወይም ውኃ መርጨት አያድነውም።

በርሜል ዘላለም አይኖርም። ቀጭን ብረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር እምብዛም ስለማይበልጥ፣ በየቀኑ ከነደደበት በጥቂት የክረምት ወቅቶች ውስጥ ይበሳል፤ መጀመሪያ የሚበላውም አመድና እርጥበት የሚገናኙበት ሥሩ ነው። በሥሩ አሸዋ መነስነስና ዝናብ እንዳይነካው ማድረግ ዕድሜውን ያረዝማል። ቱቦውም ውስጡ በጥቀርሻ እየጠበበ ስለሚሄድ በየጥቂት ሳምንቱ በረጅም ዘንግ ላይ በታሰረ ጨርቅ ወይም በሽቦ መጥረግ ያሻዋል። የተጋገረ ጥቀርሻ እሳት ከያዘው ቱቦው ቀልቶ ያስገመግማል፤ ያን ጊዜ የሚቀጣጠለው ጣሪያው ነው።

ምድጃው ተሠርቶ ሲያልቅ መፈተኛው ቀላል ነው። እሳቱ ተያይዞ ምጣዱ ከጋለ በኋላ አንድ የሚጨስ ጭራሮ ወደ ማገዶው በር ይጠጋል። የጭራሮው ጭስ ወደ ውስጥ ከተሳበ ቱቦው ሥራውን ይዟል። ወደ ጋጋሪዋ ፊት ከዞረ ግን ወይ ቱቦው አጥሯል፣ ወይ ቀዳዳው ጠብቧል፣ ወይ ምጣዱ ከበርሜሉ አፍ ጋር የገጠመበት ቦታ ጭቃው ተሰንጥቋል። ከሦስቱ ቀድሞ የሚታየው ስንጥቁ ነው፤ አንድ እፍኝ እርጥብ ጭቃ ይበቃዋል።